በፕራግ ከተማ ያየነውና ስለ በረዶ ተጫዋቾቿ የሰማነው

ሰው ወደ ሩቅ አገር በሔደ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ነገሥታቱ ግንብና ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ነው። እኛም በ2024 ዓ.ም. በጥቅምት ወር (በዚህ ጽሕፈት ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳውያን ነው) የቼክ አገር ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ፕራግ በደረስን ጊዜ፥ የቭልታቫን ወንዝ፥ በርሱም ላይ የተዘረጋውን የካርልን ድልድይ፥ በኮረብታውም ላይ የቆመውን ታላቁን ቤተ መንግሥት አይተን አደነቅን። ነገር ግን ስለ እነዚህ ብዙዎች ጽፈዋልና፥ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች የምናቀርበው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያች አገር ባንዲት ደሴት፥ ባንድ ጠባብ መንገድ፥ ባንድ ሸለቆና ባንድ አደባባይ በበረዶ ላይ ተጫዋቾች ስለ ደረሰው ታሪክ ነው።

የበረዶ ሆኪ የሚባለውን ጨዋታ በዓይኑ ያላየ ሰው እንዲገባው፥ የእኛን የገና ጨዋታ ያስብ። በገና ሁለት ወገን ሆነው ጫፉ በቈለመመ ዱላ ሩሩን እየመቱ ወደ ጠላት ወገን ይነዱታል። በበረዶ ሆኪም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሜዳው ፈንታ እንደ መስተዋት የለሰለሰ በረዶ፥ በባዶ እግር ፈንታ ከበታቹ የብረት ስለት የተገጠመበት ጫማ፥ በሩሩም ፈንታ ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር አለ። እያንዳንዱ ወገን ከበረኛው ጋራ 6 ሰው ያሰልፋል፤ ጨዋታውም እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆነ በ3 ክፍል ይፈጸማል። ፍጥነቱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ለማየት ያልለመደ ዓይን ያን ጥቁር ጎማ ተከትሎ ለማግኘት ይቸገራል።

ደግሞ በአገራችን የቈየ አንድ መልካም ልማድ አለ። በገና ዕለት ሎሌ ከጌታው ጋራ ሲጋጠም በጨዋታው ቢያሸንፈው፥ በቀልድም ቢነካው፥ ጌታው ሊቈጣ አይገባውም፤ ያ ቀን የጨዋታ ቀን ነውና። አንባቢ ይህን ልማድ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያው ቀን በህላቭካ ድልድይ ሔደን በቭልታቫ ወንዝ መካከል ወዳለችው ወደ ሽትቫኒጼ ደሴት ወረድን። በዚህች ደሴት ላይ በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የታነጸ፥ ውሃውን በመኪና ኀይል የሚያረጋ የበረዶ መጫወቻ ቦታ ነበረ። የዓለም ሻምፒዮና በ1933፥ በ1938ና በ1947 ዓ.ም. በፕራግ በተደረገ ጊዜ ሕዝቡ የተሰበሰበው በዚሁ ቦታ ነው። ዛሬ ግን ቦታው የለም፤ አርጅቶ በ2011 ዓ.ም. ፈርሷል። እኛም በሥፍራው ያገኘነው ሣርና ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች፥ ራቅ ብሎም የቴኒስ መጫወቻዎችን ነው። ሁለት ሕፃናት ቅጠሉን በእንጨት እየመቱ ሲሯሯጡ አየን፤ የቆሙበትን ሥፍራ ታሪክ ማንም ነግሯቸው እንደ ሆነ አናውቅም።

የቼክ ሰዎች ይህን ጨዋታ የጀመሩት ገና በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ሳሉ ነው። በ1908 ዓ.ም. የቦሄሚያ ቡድን በሚል ስም በዓለም የሆኪ ማኅበር ገቡ፤ በ1911 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ የኤውሮጳን ሻምፒዮና አሸነፉ። አገራቸው ቼኮስሎቫኪያ ተብላ ራሷን የቻለች መንግሥት የሆነችው በ1918 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ቡድናቸው ከመንግሥታቸው 10 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። በ1920 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ የበረዶ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ውድድር በገባ ጊዜ ሦስተኛ ሆነው የነሐስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ የጀርመን ቀንበር ከተሰበረ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና በዚችው ደሴት ተደረገ። ቼኮስሎቫኪያ በስዊድን 2 ለ 1 በተሸነፈች ጊዜ ሕዝቡ ተስፋ ቈረጠ። ነገር ግን ስዊድን ራሷ በኦስትሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈችና ድሉ ለባለ አገሮቹ ሆነ። በሚመጣውም ዓመት፥ በ1948 ዓ.ም. የካቲት ወር፥ በስዊስ አገር በሳንክት ሞሪትዝ በተደረገው ኦሎምፒክ፥ የዚህ ጨዋታ አባት ከምትባለው ከካናዳ ጋራ ያለ ጎል እኩል ለእኩል ወጡ። ሁለቱም ቡድኖች ከ8 ግጥሚያ 7ቱን አሸንፈው ስለ ነበረ ወርቁ ለካናዳ የሆነው በጎል ሒሳብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በረኛቸው ቦሁሚል ሞድሪ የሚባል ሰው ነበረ፤ ስሙን አንባቢ እንዳይረሳው እንለምናለን።

ከዚያ ኦሎምፒክ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በፕራግ መንግሥት ተለወጠ፤ ኮሙኒስቶች ሥልጣኑን ሁሉ ያዙ። ያው ዓመትም ሳያልቅ ሌላ መከራ መጣ። በኅዳር ወር፥ በ8ኛው ቀን፥ ከብሔራዊው ቡድን 6 ተጫዋቾች ከጓዶቻቸው ኋላ ቀርተው ነበርና በትንሽ አይሮፕላን ከፓሪስ ወደ ሎንዶን ሲበሩ፥ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ጠፉ። አስከሬናቸውም አልተገኘም። ከነርሱ አንዱ ላዲስላቭ ትሮያክ የኮሺጼ ከተማ ልጅ ነበረ፤ በብሔራዊው ቡድን ከስሎቫኮች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ዛሬ በኮሺጼ ያለው ታላቁ የበረዶ መጫወቻ በስሙ ተሰይሟል።

አሁን ወደ ታሪኩ ማዕከል ደረስን። ከዚህ ሐዘን በኋላ በታኅሣሥ ወር የቀሩት ተጫዋቾች በስዊስ አገር በዳቮስ ለውድድር ሳሉ፥ ሌሊት ተሰብስበው ተማከሩ። ምክራቸውም፥ ወደ አገራችን እንመለስ ወይስ በስደት ቀርተን ባንድነት በነጻነት እንጫወት የሚል ነበረ። ድምፅ ሰጡና ብዙዎቹ ወደ መመለሱ አደሉ። እናትና አባታቸው፥ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በአገር ቤት ነበሩና። ሁለት ሰዎች በስደት ቀሩ፥ የቀሩት ተመለሱ። ወዲያውም በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር ወደ ስቶክሆልም ሔደው፥ 6 ጓዶቻቸውን አጥተው ሳለ፥ ካናዳን 3 ለ 2 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ጊዜ የእነርሱ ሆነ። ለአገሩ ታማኝ መሆኑን በዚህ ከገለጸ ሰው ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለግበታል?

በሁለተኛው ቀን ከብሔራዊው ቲያትር ብዙ ወዳልራቀው ወደ ፕሽትሮሶቫ መንገድ ሔድን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሠረገላ ጐን ለጐን ቢያልፍበት ይጨነቃል። በዚህ መንገድ ቀድሞ ኡ ሄርጽሊኩ የሚባል መጠጥ ቤት ነበረ። በ1950 ዓ.ም. መጋቢት ወር ቡድኑ የዓለም ሻምፒዮናነቱን ለመጠበቅ ወደ ሎንዶን ሊሔድ ዕቃውን ሸክፎ በአይሮፕላን ጣቢያ ሳለ፥ አትሔዱም ተብሎ ተመለሰ። በይፋ የተነገረው ምክንያት እንግሊዞች ለራዲዮ ወሬ አቅራቢዎች የመግቢያ ፈቃድ አልሰጡም የሚል ነበረ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ በ13ኛው ቀን ማታ፥ ተጫዋቾቹ በዚህ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ሲጠጡ፥ ኀዘናቸው ወደ ቍጣ ተለወጠና በመንግሥት ላይ ጮኹ። ወዲያው ፖሊሶች ከበው ያዟቸው።

እኛ ኑሯችን ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋራ ነው፤ የዳኛን ቃል ሰምተን መጻፍ ሥራችን ስለ ሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን ስናነብ እጃችን ይከብዳል። ጥቅምት 1950 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ በዝግ ችሎት፥ በስለላና አገርን በመክዳት ተከሰሱ። በዚያች ሌሊት በመጠጥ ቤቱ ያልነበረው በረኛው ሞድሪ 15 ዓመት፥ ጉስታቭ ቡብኒክ 14 ዓመት፥ ስታኒስላቭ ኮኖፓሴክ 12 ዓመት፥ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ዐሥር ዐሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የቀሩት ከዚያ ያነሰ ነው። የአምስቱን ብቻ ብንደምረው 61 ዓመት ይሆናል። ይህን ሁሉ የጻፈ አንድ ጸሓፊ ነበረ፤ በመልካም እጅ ጽሕፈት ጽፎት ይሆናል፥ ቀለሙም አልፈሰሰ ይሆናል። ብዕር ግን የታዘዘውን ይጽፋል እንጂ እውነቱን አይመረምርም። ስለዚህ መዝገብ ስለ ተጻፈ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ይህንም ከኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ጥፋታቸው ሊሰደዱ አስበዋል የሚል ነበረ፤ ሊሰደዱ የሚችሉበት በር በዳቮስ ተከፍቶ ሳለ ግን በገዛ እግራቸው ተመልሰዋል።

በዚያ ዓመት በሎንዶን ካናዳ አሸነፈች፤ ቼኮስሎቫኪያ በ1950ም በ1951ም አልተገኘችም። መንግሥት በገዛ እጁ የዓለምን አንደኛ ቡድን በወህኒ ዘጋበት።

በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ፥ በጀርመን ወሰን አጠገብ ወዳለችው ወደ ያኺሞቭ ሔድን፤ ሞድሪ ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዱ በዚያ ነበረና። ከተማይቱ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። የጀርመንኛ ስሟ ዮአኪምስታል ነው፤ ትርጓሜው የኢያቄም ሸለቆ ማለት ነው፥ የእመቤታችን አባት የቅዱስ ኢያቄም ስም ነውና። እኛም ይህን በሰማን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው የኢያቄምና የሐና ታሪክ ትዝ አለን። ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዚህች ሸለቆ ብር ተገኝቶ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትላልቅ የብር ገንዘብ ተሠራ፤ ገንዘቡም ከሸለቆይቱ ስም ዮአኪምስታለር፥ ባጭሩም ታለር ተባለ። አያቶቻችን በሣጥን ሲያኖሩት፥ ጥሎሽም ሲከፍሉበት የነበረው ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ የአሜሪካ ዶላርም እንዲሁ። እነሆ፥ ሩቅ የመሰለን ሸለቆ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ስሙ ኖሮ ነበር።

ብሩ ባለቀ ጊዜ ከዚያው ምድር ዩራኒየም የሚገኝበት ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ማሪ ኩሪና ባልዋ በ1898 ዓ.ም. ራዲየምን ያገኙት ከያኺሞቭ ከመጣው ድንጋይ ነው። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ድንጋዩ ለጦር መሣሪያ ተፈለገና፥ መንግሥት እስረኞችን በጉድጓዱ ውስጥ አሠራቸው። እነርሱም የሚጐዳቸውን ነገር በዓይናቸው አያዩትም ነበር፤ ያ ድንጋይ የሚያወጣው ጨረር አይታይምና። ቦሁሚል ሞድሪ በዚህ ከሠሩት አንዱ ነው። የዓለምን ጎል አጥቂዎች ሁሉ የመለሰ እጅ በዚህ ድንጋይ ሸከመ። በ1955 ዓ.ም. ከጓዶቹ ጋራ በምሕረት ተፈታ፤ ነገር ግን ጤናው ተበላሽቶ ነበርና በ1963 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ዐረፈ። ሚስቱና ልጆቹ አምስት ዓመት ጠብቀው ያገኙት ባልና አባት፥ ዘመኑ ስምንት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፍርዱ ተሽሮ የተጫዋቾቹ ስም ነጻ ወጣ፤ ለሞተ ሰው ግን የተሻረ ፍርድ ምን ያደርግለታል? ለልጆቹ ግን ብዙ ያደርግላቸዋል፤ የአባት ስም ከርስት ይበልጣልና።

ቡብኒክ ግን ረዥም ዕድሜ አገኘ። ከእስር ወጥቶ አሠልጣኝ ሆነ፤ የፊንላንድን ብሔራዊ ቡድን ሲያሠለጥን ሳለ በ1967 ዓ.ም. ፊንላንድ ቼኮስሎቫኪያን ለመጀመሪያ ጊዜ 3 ለ 1 አሸነፈች። የገዛ አገሩ የዘጋችበትን ጥበብ ለሌላ አገር አስተማረ ማለት ነው። በእርጅናውም ወራት፥ የኮሙኒስቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ፥ በአገሩ ፓርላማ ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ በ2017 ዓ.ም. ዐረፈ።

በመጨረሻው ቀን ማታ በቅዱስ ቫጽላቭ አደባባይ በጻድቁ ሐውልት ሥር ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ ከአጠገባችን ተቀምጠው ነበርና፥ ከየት እንደ መጣን ጠይቀው፥ ስለ ምን ቦታውን እንደምንመለከት በነገርናቸው ጊዜ፥ «እኔ ይህን አደባባይ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ» አሉን። «በስንት ዘመንዎ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ወር» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሶቪየትና የተባባሪዎቿ ጦር ታንኩን ይዞ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ገባ። ሕዝቡ መሣሪያ አልነበረውም፥ የሚቃወምበትም ሥፍራ ሁሉ ተዘጋበት። በሚመጣው ዓመት መጋቢት ወር ግን በስቶክሆልም የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱ አገሮች ሁለት ጊዜ በበረዶ ላይ ተገናኙ። ቼኮስሎቫኪያ በ21ኛው ቀን 2 ለ 0፥ በ28ኛውም ቀን 4 ለ 3 አሸነፈች። ሶቪየት በዚያ ዓመት ሻምፒዮናውን ብትወስድም በፕራግ ማንም ይህን አልቈጠረው። ሕዝቡ ያለ ጥሪ ወደ አደባባዩ ፈሰሰ፤ ሽማግሌውም፥ «አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጮኽ ሰማሁት፤ ያች ሌሊት ናት» ብለው ዝም አሉ። እኛም ሌላ አልጠየቅናቸውም። በዚያች ሌሊት በአደባባዩ የነበረው የሶቪየት የአይሮፕላን ቢሮ ተሰባበረ፤ ይህም ለገዦቹ ምክንያት ሆነላቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 17 ቀን፥ ሕዝቡ የሚወደው ዱብቼክ ከሥልጣኑ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንናገራለን። ሶቪየት ከ1963 እስከ 1971 ዓ.ም. 9 ጊዜ በተከታታይ የወሰደችውን የዓለም ሻምፒዮና ቼኮስሎቫኪያ በ1972 ዓ.ም. በፕራግ አስጣለቻት፤ ደግሞም በ1976፥ በ1977ና በ1985 ዓ.ም. አሸነፈች። አገሪቱ በ1993 ዓ.ም. ያለ ጦር በሰላም ቼክና ስሎቫኪያ ሆና ተከፈለች። በ1998 ዓ.ም. በጃፓን አገር በናጋኖ ኦሎምፒክ በረኛው ዶሚኒክ ሃሼክ የካናዳን 5 የቅጣት ምት ሁሉ መለሰ፤ በመጨረሻውም ግጥሚያ ቼኮች ሩሲያን 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። በዚያ ቡድን ታላቁ አጥቂ ያሮሚር ያግር በጀርባው 68 ቍጥር ተጽፎበት ይጫወት ነበር፤ ይህም ታንክ የገባበትን ዓመት ለማሰብ ነው። የቼክ ቡድን በብቻው በ1996፥ በ1999፥ በ2000፥ በ2001፥ በ2005ና በ2010 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ሆነ፤ በ2024 ዓ.ም. ግንቦት 26 ቀንም በገዛ ከተማው በፕራግ ስዊስን 2 ለ 0 አሸነፈ። ከቀድሞው 6 ጋራ ቢቈጠር 13 ጊዜ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ጎልን ለመቍጠር ብቻ አይደለም። ስለ ገና ጨዋታ የተናገርነውን አንባቢ ያስታውስ። አያቶቻችን ጌታ በጨዋታ አይቈጣ ያሉት ለቀልድ ብቻ አይመስለንም፤ በጨዋታ የሚቈጣ ጌታ በሌላውም ነገር ፍርድ እንደማይችል ስላወቁ ነው። በፕራግ ጌቶቹ በጨዋታ ቈጡ፤ የሰውንም ልጅ ክብር የራሳቸው ንብረት አደረጉት፤ ባሸነፈ ጊዜ የእኛ ነው አሉ፥ በተናገረ ጊዜ ግን ጠላታችን ነው አሉ። እነሆ የፈረዱት ሰዎች ስም ዛሬ በከተማይቱ አይነሣም፤ በፕሽትሮሶቫ መንገድ ግን ለተፈረደባቸው የመታሰቢያ ጽሕፈት በግንቡ ላይ ቆሟል።

በማታ በምድጃ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ወላጆች ለልጆቻቸው ስለ አሸናፊዎች ሲያወሩ፥ ጽዋ ከፍ አድርጎ የቆመውን ብቻ ሳይሆን፥ ከዳቮስ ወደ ቤቱ የተመለሰውንም ሰው እንዲያወሱ እንመኛለን። እኛም ከፕራግ ስንመለስ ሌላ ዕቃ አልገዛንም፤ ከያኺሞቭ ሸለቆ ያነሣናት አንዲት ትንሽ ተራ ጠጠር ብቻ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ፥ ከቀለሙ አጠገብ ተቀምጣለች። ብዕር ባነሣን ቍጥር እናያታለን።